መሪጌታ ያልቆጠሯት ጨረቃ

መሪጌታ ወልደኢየሱስ ቀን በመቁጠር አይታሙም። ጃናሞራ ውስጥ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ በዓል በምን ቀን እንደሚውል ለማወቅ የፈለገ ሰው ሁሉ የሳቸውን ደጅ ነው የሚረግጠው። እሳቸውም ጣታቸውን እያጠፉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጥቂት ያስቡና ይናገራሉ፤ የተናገሩት ስቶ አያውቅም። በዚህም ትንሽ ኩራት ቢጤ አለባቸው። ትንሽ ማለቴ ስለማከብራቸው ነው።

ሚስታቸውን የዓለምወርቅን ጎንደር ወስደው ለማሳየት ሲያስቡም ቀኑን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ፋሲካ አልፏል። ሃምሳው ስላልወጣ ረቡዕም ቢሆን አይጾምም። የግንቦት ማርያም፣ የደብራቸው ዋና ንግሥ፣ ገና አልደረሰችም። ማክሰኞ ከወረዳቸው ከተማ ከመካነ ብርሃን ተነሥቶ ማታ ጎንደር መግባት፣ ረቡዕ ሐኪም ዘንድ መዋል፣ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ተሳፍሮ ለሌሊቱ ማኅሌት መድረስ። ከተማ ውስጥ የሚዋለው አንዲት ቀን ናት፤ ማኅሌቱን የሚመሩት እሳቸው ስለሆኑ ከዚያ በላይ ማሰብ አይቻልም።

ነገሩ ደግሞ የሚያሳስብ ነበር። የዓለምወርቅ በግራ ጡቷ ውስጥ ባቄላ የሚያህል ጠጣር ነገር ካገኘች ቆይታለች። ስለማያማት ለማንም ሳትናገር ሁዳዴን ሙሉ ይዛው ከረመች። እያደገ መሄዱን ስታውቅ ነው ጤና ጣቢያ ለምትሠራው ልጅ ያሳየችው። ልጅቱም በእጇ ደጋግማ ዳበሰችና፣ ጎንደር ሂጂ፣ አታቆይው አለቻት። የበሽታውን ስም አልጠራችም። መሪጌታም ሲነገራቸው አልጠሩትም፤ እራታቸውን ግን ሳይበሉ አደሩ። የዓለምወርቅ ታላቅ እኅት፣ ጥሩ የምትባለው፣ የሞተችው እንዲሁ ጡቷ ላይ በጀመረ ነገር ነበርና ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ነው።

ረቡዕ ማለዳ መናኸሪያው አጠገብ ካደሩበት ማረፊያ ወጥተው ወደ ሆስፒታሉ ሲሄዱ መንገዱ በሰው ተሞልቶ አገኙት። ትልቁም ትንሹም ነጭ በነጭ ለብሶ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተማል። መሪጌታ ነጭ ልብስ ሲያዩ የሚመጣላቸው ሐሳብ አንድ ነው፤ የማን ንግሥ ይሆን? ጣታቸውን አጠፉ። ገብርኤል ነው፣ ግን የወሩ ነው፤ ዛሬ ከመንበሩ የሚወጣ ታቦት የለም። የጎንደር ሰው ደግሞ የማናውቀውን ንግሥ አመጣ እንዴ ብለው አጉረመረሙ። የዓለምወርቅ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ዝም ብላ ተከተለቻቸው።

የሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው ብቻውን ተቀምጧል። መሪጌታ የተጣጠፈውን የጤና ጣቢያ ወረቀት ሲያወጡ ሰውየው ከመቀመጫው ተነሣ። ክፉ ሰው አልነበረም።

«ዛሬ አረፋ ነው አባቴ» አላቸው። «ካርድ ክፍሉም ዝግ ነው፣ ሐኪሙም የለ። የሚሠራው ድንገተኛው ብቻ ነው። ነገ ጠዋት በጊዜ ይምጡ።»

መሪጌታ ወልደኢየሱስ ጨረቃ ስንተኛ ሌሊቷ እንደሆነ ለተማሪ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ትናንት ማታ እንኳ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሰማዩን ቀና ብለው አይተው ዕድሜዋን በቃላቸው ብለውታል። በዚያችው ጨረቃ በዓሉን የሚቆጥር ሌላ ሰው መኖሩ ግን ትዝ አላላቸውም። ጨውና ስኳር የሚገዙት ከጎረቤታቸው ከዘሐራ ሱቅ ነው፤ በየዓመቱ አረፋ ሲደርስ እንኳን አደረሳችሁ የሚሏት እሳቸው ናቸው፤ ቀኑን ሲመርጡ ግን የሷን በዓል ከቁጥር አላስገቡትም። ተናደዱ። መናደድ የነበረባቸው በራሳቸው ቢሆንም ቅርብ የተገኘው ጥበቃው ስለሆነ በሱ ተናደዱ። ከጃናሞራ ድረስ የመጣ በሽተኛ ይመለሳል ወይ፣ በሽታስ በዓል ያውቃል ወይ፣ ያልተናገሩት የለም። ሰውየው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማቸውና ያንኑ ደገመላቸው።

በመጨረሻ ወደ ሚስታቸው ዞሩና አመመኝ በያቸው፣ በድንገተኛው ያስገቡሽ አሏት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሳያመኝ ምን ብዬ?» አለች የዓለምወርቅ። «እግዜር አይታዘበኝም?»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። የቄስ ልጅ፣ የመሪጌታ ሚስት አትዋሽም ብለው ሲኮሩባት የኖሩት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ምን ይበሏት? መንገዱ ዳር ቆመው ማሰብ ያዙ። ነገ ጠዋት ሆስፒታሉ ሲከፈት አውቶቡሱ ሄዷል። አውቶቡሱን ከያዙ ሐኪሙ ይቀራል። ከበዓሉ በኋላ ተመልሶ መምጣት ይቻል ይሆናል፤ ግን መንገዱ አንድ ሳምንት ሲከፈት ሁለት ሳምንት የሚዘጋበት ጊዜ ነው፤ ክረምቱም ደርሷል። ሐሳቡን ቢያገላብጡት ቢያገላብጡት የሚያዝ ጫፍ አጡለት።

የዓለምወርቅ ያን ጊዜ ነው ከተማውን እንዲያሳዩዋት የጠየቀቻቸው። ሲጋቡ ጎንደርን አሳይሻለሁ ብለዋት ነበር። ከዚያ መቼም ልጅ ተወለደ፣ እርሻው መጣ፣ ጾሙ ገባ፣ ንግሡ ደረሰ፣ እሷም ጎንደርን ከሳቸው አፍ ብቻ እየሰማች አረጀች። እዚህ ድረስ ከመጣን ቆመን ከምንውል ምን አለበት አለቻቸው። መሪጌታ መንገድ ላይ ቆሞ መዋልም ስለማይሆን እሺ አሉ፤ እሺታቸው ግን የቁጣ ነበር።

ባጃጅ መሳፈር አማራት። ተሳፈሩ። ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ የመሪጌታን ክንድ ይዛ ሳቀች፣ ፒያሳ ሲደርሱ ደግሞ ነጂውን ልጅ አንድ ጊዜ እንዲዞር ለመነችው። ፋሲል ግቢ ገቡ። በዓል ስለሆነ ሰው ብዙ ነው፤ አዲስ ልብስ የለበሱ ሕፃናት በሣሩ ላይ ይሯሯጣሉ፣ እጃቸውን ሂና የተቀቡ ልጃገረዶች ግንቡን ተደግፈው ስልካቸውን ቀና እያደረጉ ፎቶ ይነሣሉ። የዓለምወርቅ ግንቡን በመዳፏ እየዳሰሰች ዞረችው። ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን ተሸከመው አለች። መሪጌታ ንጉሡን ጠሩላት። እሱንማ አውቃለሁ፣ የተሸከመውን ነው የምጠይቅ አለቻቸው።

ከዚያ ጭማቂ ቤት ገቡና አቮካዶ ቀረበላት። ማንኪያውን አይታ ይህ የሚጠጣ ነው የሚበላ ብላ አስተናጋጇን አሳቀቻት። ቀመሰችና «ሸጋ ነው» አለች፤ ጨረሰችው፤ የመሪጌታንም ተቀብላ ጨረሰችላቸው። እሳቸው የሚያዩት እሷን ነው። ጠዋት በተቆጡበት ነገር አይደለም አሁን የተጨነቁት። አሁን ያስፈራቸው ደስታዋ ነው። ሰው ርቆ ሊሄድ ሲል ቤቱን ዞር ዞር ብሎ እንደሚያይ ነበር ሁሉን ነገር የምታየው፤ ሱቁን፣ ሰዉን፣ በረንዳው ላይ የተሰጣውን ልብስ ሁሉ። ምነው እንዲህ ታይዋለሽ ሊሏት ፈለጉና መልሱን ፈርተው ተዉት።

እኩለ ቀን ላይ የተማሩበትን ደብር አሳዩኝ አለች። መሪጌታ ይህችን እንኳ አልጠበቁም። ወጣት ሳሉ አቋቋም፣ የማኅሌቱን ሥርዓት፣ የተማሩት እዚህ ጎንደር ነው፤ ስለ መምህራቸው ቁጣ፣ ሲለምኑ ስለሚያባርራቸው ውሻ፣ ስለ ደረቁ የልመና እንጀራ ስለ ኮቾሮው ለሷ ያላወሩላት የለም። ሄዱ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የተማሪ ጎጆዎች ዛሬም አሉ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል እንጂ ጥበቱ ያው ነው። የዓለምወርቅ ጎንበስ ብላ ወደ አንዱ ገባችና መሐሉ ላይ ቆማ በዓይኗ ለካችው።

«ከዚህ ወጥተው ነው ያን ያህል የሚኮሩብን?» አለቻቸው።

መሪጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት ሳቁ። ሲስቁ የሰማቸው ሰው ከውጭ ስማቸውን ጠራ። የኔታ ገብረ ኪዳን ናቸው፤ አብረዋቸው የተማሩ፣ አሁን እዚያው ደብር ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ እንደገና ተሳሳሙ፣ የሞተውንና ያለውን ተጠያየቁ። ቤታቸው እዚያው አጥሩ ጥግ ስለሆነ ምሳ ሳይበሉ አይሄዱም ተባለ። የዓለምወርቅ ቤተ ክርስቲያኑን ለመሳለም ወደ ሴቶች በር ስትሄድ መሪጌታ ለጓደኛቸው የመጡበትን ነገር በአጭሩ ነገሯቸው። የኔታ ገብረ ኪዳን ሰምተው ሲያበቁ ይህማ የሚያስጨንቅ አይደለም አሉ። ጸሎት የምትባል ልጃቸው እዚያው ሆስፒታል ነርስ ናት። ዛሬ እኛ ቤት እደሩ፣ ነገ ጠዋት ራሷ ይዛችሁ ትሄዳለች፣ ሐኪሙ ፊት ታቀርባችኋለች አሏቸው።

«ማኅሌቱስ?» አሉ መሪጌታ።

«ማርያም አንተ ከሌለህ አትነግሥም ያለህ ማነው?»

 መሪጌታን እንዲህ ብሎ የሚናገራቸው ሰው ጃናሞራ ውስጥ የለም። ቢቆጡ ወደዱ፤ ግን ቁጣው አልመጣም። ይልቅ ከጠዋት ጀምሮ ደረታቸው ላይ የተቀመጠው ነገር በመጠኑ ቀለል አለ። የሚያዝ ጫፍ ተገኘ ማለት ነው።

የዓለምወርቅ ተሳልማ ስትመለስ የኔታ ገብረ ኪዳን የምሥራች እንደሚናገር ሰው ነገሯት። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ሁሉ ጠፋ። አይሆንም አለች። ነገ ጎሕ ሲቀድ እንሄዳለን፣ የሳቸው ማኅሌት አይታጎልም፣ እግዜር ይስጥልን፣ ሌላ ጊዜ እንመጣለን አለች፤ አንዱን ቃል በሌላው ላይ እየደራረበች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ። የኔታ ነገሩ የባልና የሚስት መሆኑን አይተው ምሳውን ልይ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሁለቱ አጥሩ ሥር፣ በአንድ ዋርካ ጥላ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ምነው?» አሏት መሪጌታ። «በሩ ተከፈተልሽ። ምነው ትሸሻለሽ?»

 ሣር ነቅላ በጣቶቿ ትበጥሳለች። መሪጌታ ሲያዩዋት ቆዩና አንድ ነገር መጣባቸው። ጠዋት ያንን ሁሉ ነጭ ለባሽ ስታይ አልደነቃትም። እሷ መቼም የማታውቀውን ነገር አይታ ሳትጠይቅ የምታልፍ ሴት አይደለችም። ጥበቃው አረፋ ነው ሲልም ፊቷ አልተለወጠም።

«ታውቂ ነበር» አሉ።

«አውቅ ነበር» አለች የዓለምወርቅ። «ጨረቃዋ የታየች ማግስት ዘሐራ ነግራኛለች። ረቡዕ አረፋችን ነው፣ ሁሉም ዝግ ነው፣ መሪጌታ ቀኑን ይለውጡት ብላኛለች። እኔ ዝም አልሁ።»

መሪጌታ ተቆጡ። ይህኛው ቁጣ የጠዋቱ ዓይነት አልነበረም። ድምፃቸው ከፍ ሲል ከጎጆው ደጃፍ ድጓ በዜማ የሚያጠኑ ተማሪዎች ቀና ብለው አዩ። እኔ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ አንቺ ስትቀልጂብኝ ነበር ወይ አሏት፤ መንገዱን እያወቅሽ፣ ክረምቱን እያወቅሽ፣ ይኸው ቀን እንዲያልፍ አድርገሽ ነው ወይ እዚህ ድረስ ያመጣሽኝ አሏት። የዓለምወርቅ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«እኅቴ ጥሩ ጎንደር የመጣች በጤናዋ ነው» አለች። «ሐኪሙ ነገራት። አገር ቤት ስትመለስ ሰው ሁሉ ፊቱን ለውጦ ጠበቃት። ባሏ ስታስል ይደነግጣል። ልጆቿ ሲስቁ እሷን ያዩና ያቆማሉ። የሚቆጣት ሰው አጣች፤ አንድ ሰው እንኳ። በቁሟ ነው ለቅሶ የተቀመጡባት። እኔ ከዚያ በፊት አንድ ቀን ፈለግሁ። ባጃጅ ልሳፈር፣ ሲያወሩልኝ የኖሩትን ልይ፣ አንቱም እንደ ጤነኛ ሰው ይቆጡኝ አልሁ። አንድ ቀን ነው የፈለግሁ።»

መሪጌታ ቁጣቸው ከየት እንደሄደ አላወቁም። የተናገረችው እውነት ነው። ትናንት በአውቶቡሱ ውስጥ ከጎኗ ተቀምጠው፣ ስታንቀላፋ ትንፋሿን ሲያዳምጡ መጥተዋል።

«ከዚህ በኋላስ?» አሏት ቀስ ብለው። «ነገ ሄድን እንበል። ከዚያስ?»

«ክረምቱ ሲወጣ እንመጣለን።»

«ክረምቱ ሲወጣ ጥሩ የት ነበረች?»

ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ተጸጸቱ። ጥሩ የተቀበረች ነሐሴ ውስጥ ነው፤ መቃብሯ ሲቆፈር ጭቃው እየተናደ አስቸግሯቸው ነበር። የዓለምወርቅ እጇን ከሣሩ ላይ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። መሪጌታ ይቅር በይኝ ለማለት ፈልገው አልወጣላቸውም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ስልካቸውን አወጡ።

«ለማን ነው?» አለች።

«ለቄሰ ገበዙ። ማኅሌቱን መምህር እንኳየሁ ይምራው።»

«አይደውሉ።» ክንዳቸውን ያዘች። ባጃጁ ላይ ከያዘችው ይልቅ አጠበቀችው። «ይስሙኝ። የመጀመሪያ ልጃችንን የቀበርን ለታ ማታ የኅዳር ሚካኤልን ማኅሌት ቆመዋል። እኔ ምጥ ላይ ሆኜ ቆመዋል። ትኩሳት ይዞዎት እየተንቀጠቀጡ ቆመዋል። አገሩ ሁሉ ያውቅዎታል፤ መሪጌታ ከማኅሌት አይቀሩም። አሁን ከቀሩ፣ ልሞት ነው ማለት ነው። ሌላ የሚነግራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም። እኔም ሌላ ሐኪም አያስፈልገኝ።»

መሪጌታ እጇን አላስለቀቁም። ክንዳቸውን እንደያዘችው በሌላው እጃቸው ደወሉ። መስመሩ ተቆረጠ፤ እንደገና ደወሉ፤ እንደገና ተቆረጠ። የዓለምወርቅ መቆረጡን ስትሰማ ትንፋሿን ትለቃለች። ኋላ ግን ቄሰ ገበዙ አነሡ። ድምፃቸው ወደ ውጭ ይሰማ ነበር። መሪጌታ ለማኅሌቱ አልደርስም ሲሉ ሰውየው ምክንያቱን ራሳቸው አገኙለት።

«መንገዱ ነው አይደል?» አሉ። «ተዘጋ መሰለኝ። እኛም ይህንኑ ስንፈራ ነበር። መንገድ ተዘግቶባቸው ነው እንላለን፣ ማንም አይፈርድ።»

የዓለምወርቅ ቀና ብላ ባሏን አየቻቸው። በዓይኗ ነበር የምትለምናቸው። ውሸቱ ተዘጋጅቶ ቀርቧል፤ እሺ ማለት ብቻ ነው የቀረው። መሪጌታም አሰቡበት፤ አላሰቡበትም ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ግን ዛሬ መንገድ ነው ቢሉ ነገ ደግሞ ምን ሊሉ ነው? በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰበብ እየፈለጉ ብቻዋን ሊተዉዋት ነው?

«መንገዱ አይደለም» አሉ። «ሚስቴ ታማብኛለች። እሷን ላሳክም ነው የቀረሁ። ለሕዝቡም እንዲሁ ብለው ይንገሩልኝ፤ በጸሎት አስቧት።»

ስልኩን ዘጉ። የዓለምወርቅ ክንዳቸውን ለቀቀች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና አለቀሰች። ጠጣሩን ካገኘችበት ቀን ጀምሮ አንዲት እንባ አላፈሰሰችም ነበር። ድምፅ አታሰማም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። መሪጌታ ተማሪዎቹ ያያሉ ሳይሉ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አደረጉ።

ቆይታ ፊቷን ጠረገች።

«ስንት ዘመን አንድ ቀን ለኔ ብለው ቢቀሩ እያልሁ ስመኝ ኖሬያለሁ» አለች። «ሲቀሩ ምን ያህል ደስ ይለኝ ነበር እያልሁ። ይኸው ቀሩልኝ። ምነው ታዲያ እንዲህ አስፈራኝ?»

«እኔም ፈርቼ ነው የቀረሁት» አሉ መሪጌታ።

አየቻቸው። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ፈራሁ ሲሉ ሰምታቸው አታውቅም። «ነገ ሐኪሙ ፊት ከጎኔ ይቁሙልኝ» አለች። የኔታ ገብረ ኪዳን ከደጃፋቸው ብቅ ብለው ምሳው ቀርቧል፣ ኑ እንጂ ሲሉ ሁለቱም ሰሙ። መሪጌታ አቤት አሉና እዚያው ተቀመጡ፤ እሷም አልተነሣችም።